ከቤት ስለሚወጣ ጥራጊና ልጆችን ስለ ማስተማር

የዛሬው የቤተ ሰብ ዓምዳችን የሚናገርበት ጉዳይ ለክቡራንና ለክቡራት ጨዋታ የማይመች መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም በየቀኑ ከቤታችን የሚወጣው ጥራጊ ነው። ነገር ግን ጥራጊ ከደጃችን ከወጣ በኋላ ወደ ሌላ ሰው እጅ የሚገባ ስለ ሆነ ስለ እርሱ መናገር ነውር አይደለም። ዛሬ በብዙ አገር ተማሪ ቤቶች ስለ አየርና ስለ ውሃ፥ ስለ ዛፍና ስለ አፈር ጥበቃ፥ የተጣለውንም ዕቃ መልሶ ለሥራ ስለ ማዋል ንግግር የሚያደርጉ ዐዋቂዎች ይጠራሉ። ልጆቹም ያዳምጣሉ፤ ያጨበጭባሉ፤ ሥዕልም ይሥላሉ። ማታ ወደ ቤት በተመለሱ ጊዜ ግን የሙዙን ልጣጭ፥ የባትሪውን ድንጋይና ያለቀውን ደብተር በአንድ ቅርጫት ሲጥሉ እናያቸዋለን። ስለዚህ ትምህርቱ መነገሩን ብቻ ሳይሆን፥ በምን ዓይነት መንገድ ቢነገር በልብ እንደሚቀር መመርመር የተገባ ነው።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ከጐረቤታችን ከኬንያ እናገኛለን። (ከእንግዲህ ወዲህ የውጭ አገሩን ነገር በአውሮፓ፥ የአገራችንን ነገር በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር እንጽፋለን።) ወይዘሮ ወንጋሪ ማታይ በ1940 በኒዬሪ አጠገብ ባለች የገጠር መንደር ተወለዱ፤ በአሜሪካ ከተማሩ በኋላም በ1971 ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ከሴቶች ወገን ከእርሳቸው በፊት ይህን ማዕርግ ያገኘ አልነበረም። በ1977 በናይሮቢ ከተማ ሰባት ዛፎች በማስተከል ስሙን «የአረንጓዴ መቀነት» ልንለው የምንችለውን ማኅበር ጀመሩ፤ ማኅበሩም እስከ 2004 ድረስ ከ30 ሚሊዮን የሚበልጥ ዛፍ አስተከለ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ወንጋሪ የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ፤ ከአፍሪካ ሴቶችም ለዚህ ክብር የመጀመሪያዪቱ ሆኑ።

የዛፉ ቍጥር ብዙ ነው፤ እኛን ግን ከቍጥሩ ይልቅ የማስተማር ዘዴያቸው ያስደንቀናል። የገጠር ሴቶች ማገዶው እንደ ራቀባቸው፥ ምንጩም እንደ ደረቀባቸው በነገሯቸው ጊዜ፥ ዛፍ እንዲተክሉ መከሯቸው። የደን ሹማምንት ችግኝ ማፍላት የተማረ ሰው ሥራ ነው ብለው ቢጠራጠሩም፥ ዘር መዝራት ለገበሬ ሴት እንግዳ ነገር አይደለምና በቆሎና ባቄላ በሚዘሩበት በለመደ እጃቸው እንዲያፈሉ አደረጓቸው። ለድካማቸውም ጥቂት ሳንቲም ይከፈላቸው ነበር፤ ይህ ሳንቲም የሚከፈለው ግን ችግኙ በተተከለ ጊዜ ሳይሆን ከተተከለ በኋላ ጸድቆ በተገኘ ጊዜ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህችን ነገር እንደ ትንሽ አትይብን። በአንድ ቀን ብዙ ችግኝ ተክሎ ፎቶግራፍ የሚነሣና በዓመቱ ተመልሶ የሚጠይቅ ሰው አንድ አይደሉም።

በማኅበሩ ጉባኤ ላይም ተናጋሪው ቶሎ ብሎ ምክር አይሰጥም ነበር። በመጀመሪያ የመጡት ሰዎች መከራቸውን አንድ በአንድ እንዲቈጥሩ ይጠየቃሉ፤ ዝርዝሩም ይጻፋል። ቀጥሎ ይህ ሁሉ ከየት መጣ ተብለው ሲጠየቁ፥ አብዛኞቹ ከመንግሥት ነው ይላሉ። ወይዘሮ ወንጋሪም መንግሥት ጥፋት የለበትም አይሉም፤ እንዲያውም ጥፋቱን በግልጥ በመናገራቸው ተደብድበዋል፥ ታስረዋልም። ነገር ግን ገበሬው ራሱ የወንዙን ዳር ማረሱን፥ ዛፉን ቈርጦ ምትክ አለመትከሉን ከዝርዝሩ ጋር እንዲያስተያይ ያደርጉት ነበር። ይህንንም በአውቶቡስ ይመስሉታል። የተሳሳተ አውቶቡስ የተሳፈረ መንገደኛ ወደማያውቀው አገር ይደርሳል፤ ስለ ምን ተሳሳተ ቢባል አንዱ ሳይጠይቅ ገባ፥ አንዱ ጠይቆ ሐሰት ተነገረው፥ አንዱ ማንበብ አልቻለም፥ አንዱም እየተጠራጠረ ለመውረድ ፈራ። አድማጮቹ ምክንያቱን እየፈለጉ በመጨመር ሲሳሳቁ፥ ራሳቸውን በአውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠው ያገኙታል።

ስለ ፌስታልም አጥብቀው ተናግረዋል። በየሜዳው የወደቀ ፌስታል የዝናብ ውሃ ያቍራል፥ የቈረውም ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፍላል እያሉ፥ ዕቃውን ከሕፃን በሽታ ጋር አያይዘው ስለሚያስረዱ እናቶች በቀላሉ ያስተውሉት ነበር። በ2005 ወደ ጃፓን በሄዱ ጊዜ «ሞታይናይ» የሚለውን የዚያ አገር ቃል ሰሙ፤ ትርጓሜውም ዋጋ ያለው ነገር በከንቱ ሲባክን የሚሰማ ጸጸት ማለት ነው። ቃሉ እጅግ ስላስደሰታቸው በዚያው ዓመት በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ተናገሩት፤ ከዚያም ወዲህ በሄዱበት አገር ሁሉ አስተማሩበት። ኬንያ ፌስታልን በ2007ና በ2011 ለመከልከል ሞክራ አልተሳካላትም ነበር፤ በ2017 ግን እስከ አራት ዓመት እስራት ወይም እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ መቀጮ በሚያደርስ ሕግ ከለከለች። ወይዘሮ ወንጋሪ ይህን አላዩም፤ በመስከረም 2011 ዐርፈዋል። ስለ እርሳቸው አስከሬን ዛፍ እንዳይቈረጥ አደራ ብለው ስለ ነበር፥ ሳጥኑ ከቀርከሃና ከደንገል፥ የውሃ ላይ አረም ከሆነው ከእምቦጭም ተሠራ። ይህ እምቦጭ የእኛን የጣና ሐይቅ የወረረው አረም ነው።

የጃፓንን ነገር ካነሣን ዘንድ ስለ ካሚካትሱ ጥቂት እንጨምር። ካሚካትሱ በሺኮኩ ደሴት በተራራ መካከል የምትገኝ፥ ከ1,500 የማይበልጥ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። ቀድሞ ሕዝቡ ጥራጊውን በሜዳ ያቃጥል ነበር፤ በኋላም የማቃጠያ ምድጃ ቢሠራ በጭሱ መርዝ ምክንያት ተዘጋ። በ2003 ከተማዪቱ ጥራጊ የሚባል ነገር እንዳይቀር አደርጋለሁ ብላ ዐወጀች። ጥራጊ የሚሰበስብ መኪና የለም፤ እያንዳንዱ ቤት የሚበሰብሰውን በግቢው ያበሰብሳል፥ የቀረውንም አጥቦና አድርቆ ወደ መለያው ስፍራ ራሱ ያመጣል፤ በዚያም ከ40 በሚበልጥ ዓይነት ተለይቶ ይቀመጣል። ከሚወጣው ጥራጊ ከመቶ 80 ያህሉ ተመልሶ ለሥራ ይውላል። ሰው የማይፈልገውን ሳሕን ወይም ልብስ የሚያኖርበት፥ የፈለገውም ያለ ዋጋ የሚወስድበት ቤትም አላቸው። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ግን በየሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ጽሕፈት ነው፤ በዚህ ሣጥን የተጣለው ነገር ወዴት እንደሚሄድ፥ ምን ሆኖ እንደሚመለስ፥ ለከተማዪቱም ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስገባ ወይም እንደሚያስወጣ ይናገራል። ለዐዋቂ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ሆኖም ያን ሁሉ ዓይነት ወደ አዲስ አበባ እናምጣ የምንል አይደለንም፤ በእኛ ቤት ሦስቱን መለየት ከተቻለ ብዙ ነው።

ይህም ሲባል እኛ ከባዶ እንጀምራለን ማለት አይደለም። የደረቀ እንጀራ ድርቆሽ ሆኖ ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል፤ የትናንቱም ፍርፍር ሆኖ ይቀርባል፤ የጠላ አተላ ለከብት ይሰጣል፤ አመዱ ዕቃ ያጥባል፤ ያረጀው ጋቢ ለሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። እንጀራ ከመሬት ወድቆ ያየ ሽማግሌ አንሥቶ ስሞ እግር ከማይረግጠው ስፍራ ያኖረዋል፤ መርገጡ ጡር ነውና። ጃፓኖች ሞታይናይ የሚሉት ነገር ከእኛ ጡር ብዙ የሚርቅ አይመስለንም። ጡሩ ለእንጀራ ሲነገር ለብርጭቆና ለብረት ግን ገና አልተነገረም።

በአዲስ አበባ መንደር ለመንደር እየጮኸ የሚዞረው ቆራሌውም የዚህ ሙያ ባለቤት ነው። ስሙ ቆርቆሮ ያለው እያለ ከሚጠራው ጥሪ የመጣ ነው ይባላል። የሰበሰበው ዕቃ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ በዚያም የዘይቱ ቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ፥ በርሜሉ የከሰል ምድጃ፥ ያለቀው የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ያለ አንድ ንግግርና ያለ አንድ መጽሐፍ ዓለም ዛሬ የሚመኘውን ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። በተማሪ ቤት ንግግር እንዲያደርግ ከሚጠራው ዐዋቂ ጋር አንድ የምናለሽ ተራ ቀጥቃጭ መዶሻውን ይዞ ቢጠራ፥ ልጆቹ የትኛውን ይዘው ወደ ቤት እንደሚመለሱ ለመገመት አያስቸግርም።

ተለይቶ ያልተሰበሰበው ምን እንደሚያደርስ ግን በከተማችን ታይቷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ፥ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረው የከተማው ጥራጊ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ተጫነ፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፥ ከእነዚህም የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ በዚያው አጠገብ ጥራጊ አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኀይል የሚያወጣ ፋብሪካ ተመረቀ። ነገር ግን ከከተማችን ቤቶች ከሚወጣው ጥራጊ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ፥ ውሃም የያዘ ነው፤ እርጥብ ነገርም በእሳት ይለግማል። በክምር ውስጥ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ደግሞ ተቀጣጣይ ጋዝ ይወልዳል። የድንቹን ልጣጭ ከወረቀቱ ጋር የጣለ ቤት ወረቀቱንም ልጣጩንም አበላሸ ማለት ነው።

ስለ ሕግም፥ ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳ ፌስታል እንዳይሠራና እንዳይገባ በአዋጅ ቍጥር 513/1999 ተደንግጎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ላምና በግ የዋጡት ፌስታል በሆዳቸው ተጠቅልሎ እንደሚገድላቸው ከብት አርቢ ሁሉ ያውቃልና ይህን የሚነቅፍ አይገኝም። እናቶቻችን ወደ ገበያ ዘንቢል ይዘው ይወጡ ነበር፤ ዘንቢሉም እስከ ዛሬ ይሸጣል።

የሚበሰብሰው ነገር ወዴት ይግባ ለሚል፥ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስና ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ጥቂት መንደሮች ያስጀመሩት ሥራ ምስክር ነው። ገበሬው ቅጠሉን፥ አረሙንና እበቱን በጕድጓድ አበስብሶ ማሳውን እንዲያዳብር ተማረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በብስባሽ የዳበረው ማሳ ከፋብሪካ ማዳበሪያ ከተሰጠው የማያንስ፥ አንዳንድ ጊዜም የሚበልጥ እህል ሰጠ። ለገበሬው እርሻ የሆነው ለቤታችን ጓሮ ጐመንና ጽጌረዳ አያንስም።

አሠራሩም ቀላል ነው። በጓሮ ጥላ ባለበት ስፍራ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ጕድጓድ ይቈፈራል ወይም በሣጥን ይደረጋል፤ አንድ እጅ የወጥ ቤት ልጣጭና አተላ፥ ሁለት እጅ ደረቅ ቅጠልና ጭድ እየተደራረበ ጥቂት አፈር ይነሰነስበታል። ሥጋና ቅባት አይገባበትም፤ አይጥ ይጠራልና። እንደ ተጨመቀ ጨርቅ እርጥብ ሆኖ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይገለበጣል፤ ውስጡ እጅ እስኪያቃጥል ቢሞቅ መልካም ምልክት ነው። ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ጠረኑ የዝናብ መሬት ጠረን ይሆናል። ክፉ ሽታ ካመጣ ውሃው በዝቷል፤ ደረቅ ቅጠል ይጨመርበት።

ሁለተኛው ቅርጫት ለደረቁ ነገር ነው፤ ወረቀት፥ ቆርቆሮ፥ ጠርሙስና «ሃይላንድ» እየተባለ የሚጠራው የውሃ ዕቃ ታጥቦ ይቀመጥበታል። አሉሚኒየምን መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ ከማውጣት ይልቅ ከመቶ 95 ያህል ኀይል ያተርፋል፤ ጠርሙስም ቢቀልጥ ቢሠራ አያልቅበትም፤ ወረቀት ግን ክሩ እያጠረ ስለሚሄድ ከስድስት ሰባት ጊዜ በላይ አይመለስም።

በሦስተኛው ዕቃ የባትሪ ድንጋይ፥ የተሰበረ ብርጭቆ፥ ምላጭና መርፌ ለብቻው በክዳን ይዘጋል። ይህን ለቤት ሠራተኛይቱ ብቻ ትተን አንሂድ። ጥራጊ ለመውሰድ ከደጃችን የምትመጣይቱ ሴት ብዙ ጊዜ ጓንት የላትም፤ ስባሪውም በልጣጭ ውስጥ ተሸሽጎ ሲያገኛት ቍስሉ ለሥራዋም ለልጆቿም ይተርፋል። ስለዚህ ስባሪውን በወፍራም ወረቀት ጠቅልሎ በላዩ «ስባሪ» ብሎ መጻፍ ማንበብ ለጀመረ ልጅ የሚሰጥ መልካም ሥራ ነው።

ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ የደረቁን ቅርጫት ይረከብ። አንድ ወር ሙሉ በየቅዳሜው እየመዘነ በደብተር ይጻፍ፤ ቆራሌው በደጅ ሲያልፍ ራሱ ጠርቶ ዋጋ ይነጋገር፤ የተቀበለውንም ሳንቲም ከክብደቱ ጐን ያስፍር። በወሩ መጨረሻ አባትየው ደብተሩን ተቀብለው፥ ቆራሌው ያልገዛው የትኛው እንደ ሆነ፥ ይህንስ ከገበያ ማን እንዳመጣው ይጠይቁት።