ሶፍትዌርና የዱቤ መዝገብ

በንግዱ ዓለም ስለ ቡናና ስለ ቅባት እህል ገበያ፤ ስለ ጉምሩክ ቀረጥና ስለ ባንክ ብድር በየጊዜው ብዙ ይጻፋል። ስለ ሶፍትዌር ሥራ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ ምስጋና ነው፤ ወይም ተስፋ ነው። ሶፍትዌርም እንደ ማናቸውም ሸቀጥ ተሠርቶ የሚሸጥ፤ ዋጋውም የሚከፈል ወይም ሳይከፈል የሚቀር ነገር መሆኑ ይዘነጋል። እኔ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት በዚህ ሙያ እንጀራዬን የምበላ በመሆኔ፤ ከሻጩ ወገን ሆኜ ያየሁትን ለገዢዎቹ፤ ማለት ለተከበራችሁ ነጋዴዎች፤ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሥራው መንገድ መቃናቱን መካድ አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባላት እንዲኖሩት ያዝዝ ስለ ነበር፤ ድርጅት ለማቋቋም ያሰበ ወጣት ባለሙያ እናቱን ወይም ወንድሙን ለስም ያህል ባለድርሻ ያደርግ ነበር። የ2013 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ግን አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቀደ። በዚያው ዓመት ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤምፔሳ ተከተለ። ዛሬ የጉልት ነጋዴ እንኳ የቲማቲሟን ዋጋ በስልክ ስትቀበል እናያለን።

ይሁን እንጂ የጀማሪ ድርጅት ዕድሜ በሕግ መሻሻል ብቻ አይረዝምም። ይህንንም በራሳችን ላይ ከደረሰው ለማስረዳት ይፈቀድልኝ። በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. እኔና ሦስት ባልደረቦቼ በመርካቶ ለሚገኙ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ አከፋፋይ የዕቃ መቈጣጠሪያ ፕሮግራም ሠርተን አስረከብን። ከዋጋው ግማሹ በቅድሚያ ተከፍሎን ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ሥራው እንዴት እንደ ሆነ ለማየት ወደ መደብሩ ብሄድ፤ መዝገብ ያዥዋ እያንዳንዱን ሽያጭ በኮምፒዩተሩ ካስገቡ በኋላ መልሰው በአንድ ወፍራም ሰማያዊ ደብተር ላይ ሲጽፉ አገኘኋቸው። ስለ ምን ሁለት ጊዜ እንደሚደክሙ ጠየቅሁ። «ልጄ፤ ይኼ ያንተ ዕቃ ስንት ጣቃ እንደ ወጣ ያውቃል፤ ማን እንደ ወሰደውና መቼ እንደሚከፍል ግን አያውቅም» አሉኝ።

ጥፋቱ የእኛ ነበር። ፕሮግራሙን የሠራነው የውጭ አገር ፕሮግራሞችን ተመልክተን ሲሆን፤ በእነርሱ ዘንድ ዕቃው የሚወጣውና ገንዘቡ የሚገባው በአንድ ጊዜ ነው። የመርካቶው ደንበኛ ግን ከጅማ ወይም ከደሴ መጥቶ ግማሹን በእጅ ይከፍላል፤ ቀሪውን በሚታመን ሰው ዋስትና እስከ ገና ድረስ ይወስዳል፤ ከዚያም ሦስት ጊዜ ቈራርጦ ይሰጣል። የዱቤውን ክፍል ለመጨመር ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ለዚህም ተጨማሪ ዋጋ አልጠየቅንም፤ የሚገባም አልነበረም።

የሚያስገርመው ግን፤ የእኛም ቀሪ ሒሳብ በዚያው ሰማያዊ ደብተር ተጽፎ ኖሯል። ለአሥር ወር ያህል ስንመላለስ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልሰማንም፤ ቡና ተፈልቶልናል፤ ገንዘቡ ግን አልተሰጠንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እኛ የሰርቨር ኪራይ የምንከፍለው በዶላር ነው፤ ውላችን ግን በብር ነበር። ከባልደረቦቼ መካከል በሙያው የሚበልጠን በዚያው ክረምት ቤቱ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት በዶላር ለመሥራት ተቀጠረ። እኔ አልፈርድበትም፤ የሁለት ልጆች አባት ነው።

አከፋፋዩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ዱቤ የሚሠራው ሻጭና ገዢ ነገም ስለሚገናኙ ነው፤ ጨርቅ አስመጪው የቀድሞው ሒሳብ ካልተዘጋለት የሚቀጥለውን ጭነት ይይዛል። ፕሮግራም ሠሪ ግን ካስረከበ በኋላ የሚይዘው ነገር የለውም። ስለዚህ ሶፍትዌርን እንደ ጠረጴዛ አንድ ጊዜ ሸጦ መለያየት ለሁለቱም ወገን ጉዳት ነው። የግብር ደንብ ሲለወጥ፤ መረጃው በየዕለቱ ሲጠበቅ፤ አዲስ ጸሐፊ ስትቀጠር ሥራ አለ፤ ለዚህም በየወሩ መጠነኛ ክፍያ ያስፈልጋል። ብዙ ነጋዴዎች «የማያልቅ ዕቃ በየወሩ ለምን ይከፈልበታል?» ይሉናል። የጥበቃ ሠራተኛም ሌባ ባይመጣ እንኳ ደመወዙን ይወስዳል።

ገዢ ሲዘገይ ወጣቶቹ ወዴት እንደሚሄዱም መታወቅ አለበት። ወደ ውድድር ይሄዳሉ። በሽልማትና በእርዳታ ገንዘብ የሚኖሩ፤ ፎቶግራፋቸው ብዙ ደንበኛቸው ግን ጥቂት የሆነ ድርጅቶች ዐውቃለሁ። ዳኞች ፕሮግራሙ ሲበላሽ ደውለው አይቈጡም፤ ስለዚህም ሥራው አይሻሻልም። የውጭ ባለሀብቶችም ቢሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ወለድ ከጨመረ ወዲህ እጃቸውን ሰብስበዋል። (በቢሮ ማደርን እንደ ጀግንነት የሚቈጥሩ አሉ። እኔም አድሬአለሁ፤ ኢንተርኔቱ በሌሊት ስለሚፈጥን ብቻ ነው።)

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጥቷል። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ደንበኞች «ማሽን የሚጽፈውን ለምን በዚህ ዋጋ ትሸጡልናላችሁ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ አንድ ሳምንት የሚፈጅብን ጽሕፈት ዛሬ አንዳንዴ በአንድ ቀን ያልቃል። በመርካቶው ሥራ ጊዜ የወሰደብን ግን ጽሕፈቱ ሳይሆን የዱቤውን ነገር አለማወቃችን ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቀድሞ በየዓመቱ ሁለት ምሩቃን ቀጥረን ቀላሉን ሥራ እየሰጠን እናሠለጥን ነበር፤ አምና አንድም አልቀጠርንም። በሒሳብ ቢታይ ትክክል ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ማን እንደሚተካን ግን መልስ የለኝም።

እኛ ዛሬ አንድ መስመር ከመጻፋችን በፊት አንዳችን በደንበኛው መደብር አንድ ሳምንት እንቀመጣለን፤ ሲሶውን በቅድሚያ፤ የጥገናውን በየወሩ እንቀበላለን። የንግድ ምክር ቤቱ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚሆን አጭር የውል ናሙና ቢያዘጋጅ ብዙ ክርክር ይቀራል፤ የእኛ ሒሳብ ለግልግል ዳኝነት የሚበቃ ትልቅ ገንዘብ አይደለምና።

የጨርቁ አከፋፋይ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዕዳቸውን ጨርሰው ከፈሉ፤ በዚያው ሳምንትም ለልጃቸው መደብር አዲስ ሥራ አዘዙን። ይህኛው ውል በየወሩ የሚከፈል ነው። የመጀመሪያው ወር በቀኑ ተከፍሏል፤ ሁለተኛውን መዝገብ ያዥዋ በሰማያዊው ደብተር ጽፈውታል።