ሸማኔው ለመስቀል ይመለስ ነበር

ከምዕራብ ዓባያ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ ወጣት ሁሉ በአገሩ ሰው ዘንድ ከሁለት አንዱን ስም ያተርፋል። ገንዘብ የላከ እንደ ሆነ «ሰው ሆነ» ይባላል፤ ያልላከ እንደ ሆነ «ከተማ ዋጠው» ይባላል። እኔ ግን ገንዘብ እየላከ ከተማ የዋጠው የመሰለኝን አንድ ወጣት አውቃለሁ። ልገሥጸው ሄጄ እኔው ራሴ ተገሥጬ ስለ ተመለስሁ፣ ያየሁትንና ያሰብሁትን ለአንባቢዎች ለማካፈል ፈለግሁ።

ልጁ የእኅቴ ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው በብርብር፣ በሙዝና በማንጎ ጥላ ሥር ነው፤ የሚተዳደረው ግን በአዲስ አበባ በማስታወቂያ ሥራ ነው። ማስታወቂያ ሲባል እንደ እኔ ያለው ሰው በሱቅ ደጃፍ ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ ይመስለዋል። የእርሱ ሥራ ሌላ ነው። ሳሙናው፣ ባንኩ፣ የታሸገው ውሃ በቴሌቪዥንና በስልክ ላይ ምን ብሎ እንደሚናገር የሚያስበው፣ ማን እንዲናገርለት የሚመርጠው፣ ከፎቶግራፍ አንሺው ጋራ አገር ለአገር የሚዞረው እርሱ ነው። ባጭሩ፣ ሰው ትናንት ያላሰበውን ነገር ዛሬ እንዲፈልገው ማድረግ ነው።

የተቀየምሁበት ምክንያት ይህ ነው። አያቱ፣ ማለት የእኔ እናት፣ ባለፈው ዓመት ዐረፈች። አሳድጋዋለች፤ በጀርባዋ አዝላ ከማሳ ቤት አመላልሳዋለች። ድንኳኑ በተተከለ በሁለተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ ሳየው በቴሌብር ገንዘብ ገብቷል። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ልጁ ግን የለም። የእድሩ ዳኛ ጠጋ ብለው፣ «ልጁ መጣ?» አሉኝ። «ገንዘብ ልኳል» አልኋቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «የጠየቅሁህ ስለ ልጁ ነው» አሉኝ። በእኛ አገር ለቅሶ የሚደርሱት እንጂ የሚልኩት አይደለም።

ስለዚህ ዐርባዋ ካለፈ በኋላ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ በሶዶና በሆሳዕና በኩል አድርጌ አዲስ አበባ ገባሁ። የእኅቴ ልጅ ጉልበቴን ስሞ ተቀበለኝ፤ በስልኩ መኪና ጠርቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋራ ወደሚከራየው ቤት ወሰደኝ። ሦስት ቀን አብሬው ሰነበትሁ።

መቸም የዚያን ልጅ ማታ ያየ ሰው ቀኑን አይጠይቅም። በመጀመሪያው ምሽት ብቻ ሦስት ቦታ ሄድን። አንደኛው የሥራ ባልደረባው ልደት ነው፤ ሁለተኛው አንድ ነጋዴ አዲስ ዕቃውን የሚያስተዋውቅበት ግብዣ ነው፤ ሦስተኛው ቦሌ ከአንድ ደንበኛ ጋራ የተጠጣ ቡና ነው። በየቦታው ሰው ይስማል፤ ይስቃል፤ ስልክ ቁጥር ይቀበላል። በየቦታውም ከኪሱ ይከፍላል። እኔ በልቤ፣ ለሠላሳ ባዕድ የሚበቃ ጊዜ ያለው ልጅ ለአንዲት አያት እንዴት አጣ እያልሁ ስቆጥር አመሸሁ። ቤት ስንገባ ይህንኑ ነገርሁት።

«አጎቴ» አለኝ፤ «ይህ ጨዋታ አይምሰልዎ። ሥራዬ ነው። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ሲከለክል፣ የምሠራበት ድርጅት ዋና እንጀራው የቢራ ማስታወቂያ ነበርና ብዙዎቻችንን አሰናበተ። ያን ጊዜ ያተረፈኝ ዲፕሎማዬ አልነበረም፤ ልደቱ ላይ የተገኘሁለት ሰው ነው። እዚህ ከተማ ያለ ሰው መኖር አይቻልም።»

አዋጁ ለጤና መልካም እንደ ሆነ አምናለሁ። ነገር ግን የሕግ አንድ አንቀጽ የስንቱን ወጣት የወር ኪራይ እንደሚያናጋ ያን ሌሊት ገባኝ። ደግሞም ከተማው ራሱ አይረጋም። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካሳንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ እርሱና ጓደኞቹ ይሰበሰቡባቸው የነበሩ የቡና ቤቶች አብረው ፈርሰዋል። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱም ያምራል። ጓደኞቹ ግን አንዱ ወደ ለሚ ኩራ፣ አንዱ ወደ አቃቂ ተበታትነዋል፤ ለመገናኘት ግማሽ ቀን በታክሲ ይፈጃሉ። እኛ በብርብር ከአንድ ዋርካ ሥር የምናገኘውን ወግ እነርሱ በብዙ ብር ይገዙታል። ይህን ሳላውቅ ነበር የፈረድሁበት።

ሆኖም ክርክሬን አልጨረስሁም። ስለ ጉዞው ጠየቅሁት። ለሥራው ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ ዞሯል። አንድ ጊዜም አርባ ምንጭ በአውሮፕላን ወርዶ፣ ሁለት ሌሊት አድሮ፣ ጫሞ ላይ በጀልባ የአዞውን ገበያ፣ ከደጋው ደግሞ የዶርዜን ጭፈራ አስቀርጾ ተመልሷል። ብርብር ከዚያ በመኪና ሩብ ቀን እንኳ አይፈጅም፤ እርሱ ግን አልመጣም። «መኪናው የድርጅቱ ነበር፤ ጊዜውም የደንበኛው» አለኝ። አያቱ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች። ይህን ስናገር አንገቱን ደፋ፤ እኔም ጨመር አላደረግሁበትም።

ነገር ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ ይህንኑም ለማስታወቂያ ባለሙያዎች ሁሉ እጠይቃለሁ። ከአዞውና ከጭፈራው ሌላ የእኛን አገር ምኑን አሳያችሁ? አዞው ያምራል፤ ጭፈራውም የእኛ ነውና እንኮራበታለን። ግን የጋሞ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲጨፍር የሚኖር ይመስላልን? ቆላው ላይ በሙቀት ቦይ የሚጠርገው፣ ሙዝ ተሸክሞ ከማሳ እስከ አስፋልት የሚያወጣው፣ ዓባያ ላይ መረቡን የሚጥለው ሰው በማስታወቂያችሁ ውስጥ የት አለ? በ2004 የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ግማሹን አሳይቶ ግማሹን መተው በሕግ ላያስቀጣ ይችላል፤ በዘመድ መካከል ግን ዕዳ ነው።

በማግሥቱ ልጁ ሳልጠይቀው ኃይሌ ጋርመንት ወዳለው የአትክልት ገበያ ወሰደኝ። ይህ ገበያ እስከ 2012 ድረስ በፒያሳ አጠገብ አትክልት ተራ የነበረው ነው። በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ሄደ፤ በ2013 ደግሞ ወደዚህ ተዛወረ። አይሱዙዎቹ ተሰልፈው ሲራገፉ፣ ሽታው ከእኛ ማሳ የተነሣ መሰለኝ። አዲስ አበባ ከሚበላው ሙዝ እጅግ ብዙው የሚመጣው ከጋሞ ቆላ ነው። ታዲያ ሻጩን፣ «ይህ ከየት የመጣ ነው?» ብለው፣ «የአርባ ምንጭ» አለኝ። ምዕራብ ዓባያም፣ ብርብርም አልተጠራም። እኔ እንደ መናደድ አልሁና ወደ ልጁ ዞሬ፣ «ለሳሙና ስም የምታወጣ ሰውዬ፣ ላሳደገህ ሙዝ ስም ማውጣት አቃተህ?» አልሁት።

የመለሰልኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «አጎቴ፣ ስም ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ስሙን የሚሸከም ሙዝ ግን ያምጡልኝ» አለና አንድ ዘለላ አንሥቶ አሳየኝ። ግማሹ ተሰነጣጥቋል፤ ግማሹ ጠቁሯል። ሙዙን ገና አረንጓዴ ሳለ እንቆርጠዋለን፤ ያለ ሳጥን፣ አንዱን በሌላው ላይ ከምረን፣ በቅጠል ሸፍነን እንጭነዋለን። ያን ሁሉ መቶ ኪሎ ሜትር እየተጋጨ ይመጣል። እዚህም በዝግ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ በነጭ ጋዝ ጢስ ይበስላል። «ለዚህ ስም ብሰጠው፣ ገዢው ስሙን የሚያስታውሰው እንዳይገዛው ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ማስታወቂያ የማሳውንና የመጫኛውን ጉድለት አይሸፍንም፤ ይልቁንስ ያጋልጠዋል።

በሦስተኛው ቀን ብቻዬን ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። አባቴ ከጨንቻ ደጋ ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት በዚያ ሰፈር ሸማ ይሠራ ነበርና ሰፈሩን ማየት እወዳለሁ። የጋሞ ሰው አዲስ አበባ መግባት የጀመረው ዛሬ አይደለም። አያቶቻችን መወርወሪያቸውን ይዘው ገብተው፣ የአዲስ አበባን ሕዝብ ጥበብ አልብሰዋል። ነገር ግን ሸማኔው ለመስቀል ይመለስ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጠባብ ክፍል ከአገሩ ልጆች ጋራ እየተጋራ ኖሮ፣ መስከረም 17 ሳይደርስ ያጠራቀማትን ቋጥሮ፣ ከተጣላው ሊታረቅ፣ ከወንድሞቹ ጋራ በሬ ሊያርድ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር።

ከአንድ ሽማግሌ ሸማኔ አጠገብ ተቀምጬ ስጨዋወት፣ የማን ዘመድ እንደ ሆንሁ ጠየቁኝ። የእኅቴን ልጅ ስም ስጠራ ሥራቸውን አቁመው ቀና አሉ። በመስከረም 2011 በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፣ የተረፉት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። ያ ልጅ ከእነዚያ የልደትና የቡና ጓደኞቹ ጋራ ሆኖ፣ ብርድ ልብስና ምግብ በመኪና እየጫነ ማታ ማታ ይመላለስ እንደ ነበር ሽማግሌው ነገሩኝ። ከጓደኞቹ መካከል የጋሞ ልጅ እርሱ ብቻ ነበር። እኔ ይህን ከእርሱ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ሥራው ማስታወቅ የሆነ ሰው ይህን ለእናቱ እንኳ አላስታወቀም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ተረት ለሸማ ድር ብቻ አለመሆኑን ያን ቀን ተማርሁ፤ ባዕድ ብዬ የቆጠርኋቸው ሠላሳ ሰዎችም ድር ነበሩ።

ያንኑ ሰሞን በአርባ ምንጭ የሆነውንም አገር ያውቃል። ለበቀል የተነሣሣውን ወጣት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው መለሱት። ያን ምስል ኢትዮጵያ በሙሉ አየችው። ማንም ባለሙያ አላቀደውም፤ ማንም ደንበኛ አልከፈለበትም። ስለ ጋሞ እስከ ዛሬ ከተነገረው ማስታወቂያ ሁሉ ግን የሚበልጥ እርሱ ነው። ለምን ቢባል፣ ሽማግሌዎቹ የሚሉትን ነገር በጉልበታቸው ስለ ፈጸሙት ነው።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። እኛ አገር ቤት ያለን ሰዎች ልጆቻችንን በሚልኩት ገንዘብ መለካት፣ የከተማ ኑሮአቸውንም ሁሉ ዋዛ ነው ማለት ይብቃን። በሩቅ አገር ወዳጅ ማፍራት እንደ ሸማ ሥራ ነው፤ ቀን ከሌት ተቀምጠው የሚሠሩት ነው። ሙዛችንንም እንደ ድንጋይ መጫናችንን ትተን በሳጥን፣ በወጉ እንላክ፤ ያን ጊዜ ስም የመጠየቅ መብት ይኖረናል።

እናንተ ደግሞ፣ ከተማውን በቃላት የምትሸጡ ወጣቶች፣ ለባዕዱ ልደት የምትሰጡትን አንድ ምሽት በዓመት አንድ ጊዜ ለአገራችሁ ስጡ። ገንዘብ በስልክ ይላካል፤ ሰው ግን አይላክም። ወደ አገራችሁ ለሥራ በወረዳችሁ ጊዜም ካሜራውን ከአዞው ወደ ገበሬው አንድ ጊዜ መልሱት። ደንበኛው ባይከፍልበትም ለእናንተ ይቀመጣል።

ከአዲስ አበባ የተመለስሁ ዕለት የእኅቴ ልጅ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኝ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። መኪናው ሊነሣ ሲል ብቻ በመስኮቱ በኩል፣ «አጎቴ፣ የአያቴ መቃብር አጠገብ የማንጎ ዛፍ አለ አይደል?» አለኝ። አለ አልሁት። «ለመስቀል መጥቼ አየዋለሁ» አለኝ።

ዛሬ እሑድ ነውና ይህን ጋዜጣ ቡናውን እየጠጣ የሚያነበው ይመስለኛል። ካነበበው፣ ለበሬው የሚያዋጣውን አዋጥቼለታለሁ፤ ቦታውም በእሳቱ ዙሪያ ተይዞለታል።