ልብስ ለባሹን ይምሰል

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ የጎንደር ልጅ ያለ አይመስለኝም። ተረቱን አልጠላውም። ሰው ዓመቱን ሙሉ በሣጥን ያኖረውን ጥሩ ልብሱን በዓሉ ሲደርስ አውጥቶ ይልበስ፤ ያማረ ነገር ሁሉ የሚታይበት ቀን ይኑረው ማለት ነውና መልካም ምክር ነው። የምጠላው ዛሬ ወጣቶቻችን የሰጡትን ትርጓሜ ነው። ወጣቶች ሆይ፤ ምናልባት ይህን የምታነቡ እናንተም ከነዚሁ መካከል ትሆኑ ይሆናል፤ ብትሆኑም ቅር ሳትሰኙ እስከ መጨረሻው እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓሉ ሲቃረብ የአንድ ሰፈር ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ጓደኛሞች ይሰበሰባሉ። ከመካከላቸው ደፈር ያለው አንዱ፣ ብዙ ጊዜም ገንዘቡን የሚሰበስበው፣ አንድ ጨርቅ ይመርጣል። ከዚያ በኋላ ሠላሳውም አርባውም ያንኑ ጨርቅ፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው ስፌት አሰፍተው ታቦታቱን እያጀቡ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ሠርግ ሲሆንም እንደዚሁ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ያምራል፤ ፎቶግራፍ ለሚያነሣ እንግዳም ደስ ይለዋል። እኔ ግን ቀረብ ብዬ ፊት ፊታቸውን አያለሁ። አንዷ ብስል ቀይ ናት፤ አንዷ ጠይም፤ አንዷ የቀይ ዳማ፤ አንዷ ደግሞ ጥቁር ሆና ቆዳዋ የሚያበራ ነው። የተመረጠው ጨርቅ ደማቅ ቢጫ ከሆነ ጥቁሪቱን አፍክቶ ያወጣታል፤ የቀይ ዳማዋን ግን ወባ ይዟት የተነሣች ያስመስላታል። አንዱ ትከሻው ሰፊ ነው፤ አንዱ ቀጭን ለግላጋ ነው፤ አንዱ ተጫዋች፣ አንዱ ሰው ሲያየው የሚያፍር ዝምተኛ ነው። ልብሱ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልጠየቀም። አርባ ሰው ለአንድ ሰው የተመረጠ ልብስ ለብሷል።

ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሣም ነበር። አምና አንዲት የጎረቤቴ ልጅ የጥምቀትን ዕለት ከቤት ዋለች። እናቷ በገዛ እጃቸው የፈተሉት ጥጥ ተሸምኖ የተሠራ፣ ጥለቱ ቡና ዓይነት የሆነ ነጠላና ቀሚስ ነበራት፤ ለጠይም መልኳ ከዚያ የተሻለ ልብስ ከተማው ሁሉ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። ጓደኞቿ ግን፣ የዩኒፎርሙን ዋጋ እስከ ተወሰነው ቀን ካልከፈልሽ ከእኛ ጋር አትሰለፊም አሏት። ክፉዎች አይደሉም፤ ሁሉም ይወዷታል፤ አንዷ እንዲያውም ላበድርሽ ብላት ነበር። የሚያስቆጣኝም ይኸው ነው። ማንም ሳይከፋባት፣ ማንም ሳይጣላት፣ ለበዓል የሚሆን ልብስ እያላት በልብስ ምክንያት ከበዓሉ ቀረች። እልልታውን በመስኮት ሰማችው። ተረቱ ቀሚሳችሁን ለጥምቀት አውጡት ሲል፣ እነርሱ ለቀሚሱ ሲሉ ጥምቀቱን አስቀሩባት።

«አንድ ዓይነት መልበሳችን የፍቅርና የአንድነት ምልክት ነው» ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። የተማሪ ቤት ዩኒፎርምንም ይጠቅሱልኛል። የተማሪ ዩኒፎርም እኮ የሀብታሙ ልጅና የድኻው ልጅ በልብስ እንዳይለያዩ የታሰበ ነው፤ የእናንተ ግን መክፈል የቻለውንና ያልቻለውን ለይቶ ያሳያል። ሁለቱ ስማቸው እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም።

ለአንድነቱስ ቢሆን አባቶቻችንና እናቶቻችን የተሻለ ዘዴ ነበራቸው። እስቲ ሸማን አስቡት። ቀለሙ ነጭ ነው፤ ቅርጽ የለውም፤ መቀስ አልነካውም። ቀይ ጥለት ያለውን ጃኖ ለመኳንንቱ ትተን፣ የቀረው ሕዝብ ከገበሬ እስከ ነጋዴ ይህንኑ ነጭ ጨርቅ ይለብስ ነበር። ከእናንተ ዩኒፎርም የበለጠ ዩኒፎርም ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም አለባበሱ እንደ ሰውየውና እንደ ጉዳዩ ይለያያል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ መስቀልያ አጣፍቶ ይሄዳል፤ ለቅሶ የሚደርስ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቆ ይለብሳል፤ በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል። ኩሩው አፍንጫው ድረስ ይከናነባል፤ ደስ ያለው ጐበዝ በአንድ ትከሻው ጣል አድርጎት ያልፋል። የደጋውን አማራ ኑሮ ያጠና ሲሞን መሲንግ የሚባል የባህል ተመራማሪ በ1960 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ስለ ሸማ አለባበስ ብቻ አንድ ጽሑፍ አሳትሟል፤ በርእሱም ያለ ቃል የሚናገር ቋንቋ ብሎታል። እንግዳ ሰው መጥቶ ከአንድ ነጭ ጨርቅ ላይ የለባሹን ኀዘንና ደስታ፣ ትሕትናና ኩራት ማንበብ ቻለ። ያው ሰው ዛሬ መጥቶ የአርባውን ልጆች ልብስ ቢያይ የሚያነበው ነገር የጨርቁን ዋጋ ብቻ ነው።

ጠባይና ልብስ መስማማት አለባቸው ስል ትልቅ ሰው መጥቀስ ካስፈለገ፣ ቋራ ተወልደው በ1847 ዓ.ም. ሰሜን ውስጥ በደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ አሉ። ንጉሠ ነገሥት ናቸው፤ ሐር ቢለብሱ ማን ይከለክላቸው ነበር? ነገር ግን በዘመኑ ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች እንደ ጻፉት አለባበሳቸው ቀላልና ተራ ነበር። የወታደርነት ጠባያቸው የመረጠላቸው ልብስ ነው። በየበዓሉ የእርሳቸውን ሹሩባ ተሠርተው የሚወጡ ጐበዞች አያለሁ፤ ተራውን ልብስ ለመቅዳት ግን እስከ ዛሬ የመጣ አላየሁም።

አሁን ስለ መልክ ልናገር፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ከንቱ ነገር ይወራልና። «አንቺ ጥቁር ስለ ሆንሽ ደማቅ ቀለም አይሆንሽም፤ ደብዘዝ ያለ ልበሺ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰማሁ! ይህ ምክር አይደለም፤ ንቀት ነው፤ ደግሞም ስሕተት ነው። በፓሪስ በጎብለን የግድግዳ ሥዕላዊ ጨርቅ መሥሪያ ቤት የማቅለሚያው ኃላፊ የነበረ ሼቭረል የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል ቅሬታ ቢመጣለት፣ መርምሮ ጉድለቱ ከጥቁሩ ክር ሳይሆን አጠገቡ ከተቀመጠው ከሌላው ቀለም መሆኑን አገኘ። በ1839 እ.ኤ.አ. ባሳተመውም መጽሐፍ ቀለም ሁሉ እንደ ጎረቤቱ የሚለዋወጥ መሆኑን በሰፊው አስረዳ። ፊታችንም የልብሳችን ጎረቤት ነው። ጥቁር ፊት ጽሩህ ነጭን፣ ደማቅ ቀይን፣ ጥልቅ ሰማያዊን ተሸክሞ አይጠፋም፤ እንዲያውም ይጐላል። በነዚሁ ቀለሞች ልብሱ ቀድሞ የሚታይና ፊቱ የሚዋጥበት አንዳንድ ጊዜ ቀይ የሚባለው ሰው ነው።

ከፈረንጅ አገር የመጣውንም የቀለም ትምህርት እንዳለ አትቀበሉ። ካሮል ጃክሰን የምትባል አሜሪካዊት በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የሰውን መልክ በአራቱ ወቅቶች ስም ከፋፈለችው፤ ይኸው ነገር እስከ ዛሬ በየስልኩ ይዞራል። የራሷን ወገን በብዙ ጥንቃቄ ለያይታ ስታበቃ፣ የአፍሪካንና የእስያን ሰው አብዛኛውን በአንድ «ክረምት» ውስጥ ጠቅልላ አስገባችው። እኛ ግን በአንድ ቤት ከአንድ እናት የተወለዱትን ሦስት እኅትማማቾች አንዷን ቀይ፣ አንዷን ጠይም፣ አንዷን የቀይ ዳማ ብለን የምንለይበት ቋንቋ አለን። ይህን ያህል ዐይን ያለው ሕዝብ ስለ ራሱ መልክ ከማያውቀው ሰው ለምን ይማራል? ክፋቱ፣ ይህን ዐይናችንን የምንጠቀምበት ለልብስ ምርጫ ሳይሆን ለማበላለጥ መሆኑ ነው። ቀይ መባልን የፈለገች ልጅ ልብሷን በመለወጥ ፈንታ ቆዳዋን ልትለውጥ ቅባት ትገዛለች። ከነዚያ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ያለባቸው ናቸው፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ከዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ታላላቆቻችን በበኩላቸው «ሰው በልብሱ አይመዘንም፤ ስለ ልብስ ማሰብ ከንቱነት ነው» ይሉናል። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ሁለተኛውን ግን፣ ነጠላዋ በትክክል እስክታጣፋ ድረስ ከደጅ የማትወጣ እናት ካሳደገቻቸው ሰዎች አፍ ስሰማው ይገርመኛል። ከንቱነቱ ማሰቡ ላይ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው እንዲያስብልን መተዋችን ላይ ነው። በደባርቅና በዳባት ብርድ ስስ ሸሚዝ ለብሶ የሚንቀጠቀጥ ወጣት አይቻለሁ። የቤቱ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ግን «የገበሬ ነው» ብሎ ጥሎት ወጥቷል።

የዩኒፎርሙን ጨርቅ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ብዙው ከባሕር ማዶ በፋብሪካ የታተመ፣ ጥለት የሚመስል ሥዕል ያለበት እንጂ ጥለት አይደለም። ሸማኔው እያለ ለምን? ሸማኔን በሥራው መስደብ እንዲቀር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል፤ ዛሬ ስድቡ ቀርቶ ሥራው ሊቀርበት ነው። ሸማኔ ደግሞ ፋብሪካ የማያደርገውን ያደርጋል፤ ጥለቱ ምን ዓይነት ይሁን፣ ምን ያህል ይስፋ ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ በጓደኞቻችሁ መካከል አንድነት ከፈለጋችሁ በነጩ ተስማሙና ጥለቱን ለየራሳችሁ ተዉት። ዝምተኛው ቀጭን ጥለት ያሠራ፤ ተጫዋቹ ሰፊ ያሠራ። የእናቷ ነጠላ ያላት በእናቷ ነጠላ ትምጣ።

የጥለቱን ክር ስትመርጡ በሱቅ መብራት አትመኑት። ወደ ደጅ አውጡት፤ ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ከአገጫችሁ ሥር አድርጉና መስተዋት ተመልከቱ፤ መስተዋት ከሌለ የማያፍራችሁን ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የታየው ክሩ ከሆነ መልሱት፤ ፊታችሁ ከሆነ ግዙት። ባለሱቁ ክሬን በፀሐይ አስጣችሁብኝ ብሎ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ።