ጥድ ደጋውን ይወዳል

ከዛሪማ ተነስተን በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደባርቅ ሽቅብ ስንወጣ አየሩ ይለወጣል። ታች ሙቀት ነበር። ላይ ጋቢ ያስፈልጋል። ዛፉም እንደ አየሩ ይለወጣል። በደባርቅና በዳባት፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥድ ቆሞ እናያለን። በጋ ከክረምት አረንጓዴ ነው። ያየው ሰው «ይህን በደጄ ብተክለው!» ይላል።

ታዲያ ችግኙን ወደ ዛሪማ አውርደን ብንተክለውስ? አይሆንም። የሐበሻ ጥድ የደጋና የወይና ደጋ ዛፍ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ዛሪማ ግን ቆላ ናት። ችግኙ በክረምት ለምልሞ ያታልለን ይሆናል። የበጋው ሐሩር ሲመጣ ይጎዳል። ገንዘቡም ድካሙም በከንቱ ይቀራል።

ደገኞች ግን ጥድ ትከሉ። ዘሩን ፍሬ ከያዘ ዛፍ ልቀሙ። ፍሬው ሲበስል ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። ፍሬ የማይዘው ጥድ መካን አይደለም፤ ወንድ ነው! ጥድ እንደ ፓፓያ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነው። ችግኙን ክረምት ሲገባ ትከሉ፤ ከፍየል እንዲድን እጠሩለት። ከሣር ቤት አርቁት። እሳት ቶሎ ይይዘዋል፤ ቁመቱም ከ30 ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ጥድ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥድ ከተቆረጠ ግን አለቀ፤ ጉቶው አያቆጠቁጥም። እንጨቱን ምስጥ አይደፍረውም። አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን ሥራ የመረጡት ለዚህ ነው። የፈረንጅ ጥድ የሚባለው ሌላ ነው። የመጣው ከሜክሲኮ አካባቢ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲከረከምም ጥሩ አጥር ይወጣዋል።

ጃፓኖችም የራሳቸው ጥድ አላቸው። «ሱጊ» ይሉታል፤ ለኛ ጥድ የሩቅ ዘመድ ነው። ኒኮ ወደሚባል ከተማ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በሺህ የሚቆጠር ሱጊ ቆሟል። የተተከለው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1600ዎቹ ነው። ተካዮቹ ጥላውን አላዩትም፤ መንገደኛው ግን እስከ ዛሬ ያርፍበታል። ሱጊም ዝናብና ጉም ይወዳል፤ ለቆላ አይሆንም።

የዛሪማ ሰው ምን ይትከል? እኛ ዋንዛ እንላለን። ቆላውን ይችላል፤ ጥላው ሰፊ ነው። ፍሬውን ልጆች ይበሉታል፤ አበባውን ንብ ይወደዋል፤ እንጨቱ ለበርና ለወንበር ይሆናል። የዋንዛ ችግኝ እንዴት እንደሚፈላ በሚቀጥለው ሳምንት እንጽፋለን። እስከዚያ ፍሬውን ሰብስባችሁ ቆዩን።