ከወረደ ሞተር ምን ይተርፋል?

የዛሬው ርዕሳችን ከወትሮው ለየት ይላል። እኅቴ ሆይ፣ «ይህ የባሎች ወሬ ነው» ብለሽ ገጹን እንዳታልፊው። የወራት ቁጠባችሁን ሊጨርስ የሚችል ውሳኔ ነውና አንቺንም ይመለከትሻል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ ብዙ ቤተሰብ ያለችውን አሮጌ መኪና አድሶ መያዝን መርጧል። በተለይ የዕለት እንጀራ በመኪናዋ የሚገኝ ከሆነ ሞተሯ ሲበላሽ ቤቱ ሁሉ ይናወጣል። መካኒኩ ሞተሩን አውርዶ፣ ዕቃዎቹን መሬት ላይ ዘርግቶ «የቱን እናስቀር? የቱን እንቀይር?» ብሎ ሲጠይቅ አንዳንዱ ደንግጦ «ሁሉንም ቀይር» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይሄ እኮ ገና ነው» እያለ ሁሉንም ያስመልሳል። ሁለቱም ገንዘብ ያስከስራል። ዕቃን የሚያስቀረው ማብረቅረቁ ወይም የተገዛበት ዋጋ አይደለም፤ ልኬቱ ነው።

ብዙዎቻችን የምናውቃትን፣ 2ኢ የተባለው ሞተር ያላትን ቶዮታ ኮሮላ እንውሰድ። ሞተሩ 1,295 ሲሲ ሲሆን ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲግል ከብረት ይልቅ ይለጠጣል። ስለዚህ ውሃ ጨርሳ ከመጠን በላይ ስትግል ቴስታታው ይጣመማል፣ ጋስኬቱም ይቃጠላል። እንዲህ ያለ ሞተር ሲወርድ ምርመራው በቅደም ተከተል ቢሆን ይመረጣል።

መጀመሪያ ብሎኩ ይታይ። ፒስተን የሚይዘው ዘንግ ተሰብሮ ብሎኩን ከበሳው፣ ወይም ሲሊንደሩ አካባቢ ከተሰነጠቀ፣ በሌላው ዕቃ ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቆም በሉ። ጉዳቱ የሲሊንደሩ ግድግዳ መበላት ብቻ ከሆነ ግን ተስፋ አለ። ሲሊንደሩ በማሽን ሰፍቶ 0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ሊገባለት ይችላል። የሞተሩ ቁጥር የተቀረጸውም በብሎኩ ላይ ነው። ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ስለሚሰፍር፣ ብሎክ መቀየር የወረቀት ጉዳይም ያስከትላል።

ሁለተኛው ቴስታታው ነው። በዓይን ሲያዩት ለጥ ያለ ይመስላል። መካኒኩ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞበት፣ በሥሩ ስስ የብረት መለኪያ እያስገባ ይፈትሸው። በብዙዎቹ ትናንሽ የቶዮታ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህም የአንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ግማሽ ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ በማሽን ይላጋል። በቫልቮቹ መካከል ስንጥቅ መኖር አለመኖሩም ከመላጉ በፊት ይፈተሽ፤ የተሰነጠቀ ቴስታታ አስልጎ መግጠም ሁለት ጊዜ መክፈል ነውና።

ሦስተኛው ክራንክ ሻፍቱ ነው። ጥቂት ከተጫረ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ፣ ለዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚን ይገባለታል። ከተሰነጠቀ ግን አይታዘንለትም።

አሁን ወደማይተርፉት እንምጣ። ጋስኬቶች፣ የዘይት ማኅተሞች፣ ብሮንዚኖችና የፒስተን ፋሻዎች ምንም ደህና ቢመስሉ አይመለሱ። የታይሚንግ ቺንጋውም እንዲሁ ነው። የቴስታታ ብሎኖች ደግሞ ሲጠብቁ የሚለጠጡ ስለሆኑ ርዝመታቸው ተለክቶ፣ ያለፈው ይቀየር። እነዚህ ከሞተሩ ሁሉ ርካሾቹ ናቸው፤ ሲከዱ ግን ውዱን ይዘው ይሄዳሉ። ብሮንዚን ተፈጭቶ ከነበረም የብረት ብናኙ በዘይት መተላለፊያው ውስጥ ይቀራል። የዘይት ፓምፑ ተፈትቶ ሳይታይ፣ መተላለፊያዎቹም ሳይታጠቡ አዲስ ብሮንዚን ማስገባት የተገዛውን መልሶ ለብናኙ መስጠት ነው።

በአንጻሩ ከሞተሩ ውጭ የተንጠለጠሉት፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ካርቡራተርና ዲስትሪቢዩተር፣ ብዙውን ጊዜ በግለቱ አይጎዱም። ተፈትነው ከሠሩ ይመለሱ። ብሎኩ የማይድን ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ንብረታችሁ እነዚህ ናቸውና ከሞተሩ ጋር አብረው እንዳይሄዱ። ጠርጋችሁ፣ ጠቅልላችሁ፣ ስማቸውን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ለመለዋወጫ ይሆናሉ፣ ካስፈለገም ይሸጣሉ። የተሰነጠቀውን ብረት ግን «አንድ ቀን ይጠቅማል» እያላችሁ ግቢያችሁን አታጣብቡ፤ ለቆራሌው ስጡት።

ወንድሜ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ጋራዥ ቆመህ ብቻህን አትወስን። መካኒኩ የለካውን በወረቀት ላይ እንዲጽፍልህ ጠይቀውና ይዘኸው ግባ። ማታ ከባለቤትህ ጋር ተቀምጣችሁ በሦስት ረድፍ ክፈሉት፤ የሚቀር፣ በማሽን የሚስተካከል፣ የሚገዛ። ከየረድፉ ጎን ዋጋውን ጻፉና ደምሩ። ከዚያም ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሙሉ ሞተር ቢገዛ ስንት እንደሚወጣ አነጻጽሩ። ያገለገለው ሞተር በጥገና የሚያልፈውን ጊዜ ይቆጥባል። ሆኖም ውስጡን ያየው የለም፤ የራሳችሁን ግን አሁን ዝርዝሩን ታውቁታላችሁ። ይህም በሂሳቡ ውስጥ ይግባ።

ከሁሉ በፊት ግን ከዚህ በላይ አናወጣም የምትሉትን የብር መጠን ተስማሙበት፤ ብዙ ጊዜ በትዳር ውስጥ ቅሬታ የሚያመጣው «ትንሽ ብቻ ቀረች» እየተባለ በየሳምንቱ የሚወጣው ያልታሰበ ገንዘብ ነውና። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ በዚህ ሂሳብ ውስጥ አይነካ። ድምሩ ከተስማማችሁበት ካለፈ፣ መኪናዋን እንዳለች መሸጥም አንድ ምርጫ ነው። ዓመታት ያገለገለች መኪና ትወደዳለች፤ ፍቅሯ ግን ከዝርዝሩ ውጭ ይቆይ።