የቆሮሶ ጫጩት ሁሉቃ ወንዝ የምትለቁ ልጆቼ ሆይ

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ስንት ሰው እንደላከልኝ አልቆጠርኩም። አንድ ወጣት ሁሉቃ ወንዝ ዳር ቁጢጥ ብሎ፣ ቢጫ ጀሪካን አዘንብሎ የቆሮሶ ጫጩት ውኃው ውስጥ ይለቃል። ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ። ከሥር የተጻፈው ሁሉ ምርቃት ነው። "ለትውልድ የሚተርፍ ሥራ"፣ "አምቦ እንዲህ ናት!" አንዷማ "ቲቸር፣ ያንተ ተማሪ እኮ ነው፣ እንኳን ደስ አለህ" ብላኛለች።

አዎ፣ ተማሪዬ ነው። ዓሣ ማርባት የጀመረውም ከእኔ ግቢ ሮቶ በወሰዳቸው ስድስት እናቶችና ሁለት ወንዶች ነው። ለዚህ ነው ደስ ያላለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ይህን ሲያነብ እንደሚደውልልኝም አውቃለሁ። ግን ነገሩ የእሱ ብቻ ስላልሆነ በአደባባይ ልናገረው። ጉደርም፣ ጊንጪም፣ ጌዶም፣ ባኮም ያላችሁ ስሙኝ።

ለማያውቅ ሰው፦ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ የምታቅፍ ዓሣ ናት። ወንዱ ከሥር ቆፍሮ እንደ ሳህን ያለ ጎጆ ይሠራል፣ እሷ ትጥልና ወዲያው በአፏ ትለቅመዋለች። ከዚያ በኋላ ጉሮሮዋ አብጦ ጥግ ይዛ ትቆማለች። አትበላም። ውኃው ሞቅ ካለ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ትቆያለች፤ እዚህ አምቦ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ሲበረታ ግን መራባቱንም ትተወዋለች። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ እንኳ ጥላ ባየች ቁጥር አፏን ትከፍታለች፣ እነሱም እየተጋፉ ይገባሉ። 27 ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪ ከመቀመጫው አስነስቶ ያየሁት ይህ ብቻ ነው። የሴል ሥዕል ማንንም አስነስቶ አያውቅም።

ታዲያ ያሳሳተንም ይኸው ማማሩ ነው። "አራባሁ" የሚለው ቃል ትልቅ ሥራ ይመስላል። አይደለም! ቆሮሶን ማራባት ሥራ አይደለም፣ እሷው ናት የምትሠራው። አንዲት መዳፍ የምታክል እናት በአንዴ ሁለት ሦስት መቶ ጫጩት ትተፋለች። ስድስት እናት ያለው ሰው በአንድ ዙር ከሺህ በላይ ጫጩት ይታቀፋል። ሮቶው ግን ያው 2,000 ሊትር ነው። ዶሮ የሚያስታቅፍ ሰው "ይህን ሁሉ ጫጩት የት አደርሰዋለሁ?" ብሎ አስቀድሞ ያስባል። ዓሣ አርቢው ግን ከወለደች በኋላ ነው ባልዲ ፍለጋ የሚሮጠው።

ሰው ላይ ድንጋይ ከመወርወሬ በፊት የራሴን ልናገር። እኔም አድርጌዋለሁ። 2009 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የሚወስድልኝ አጥቼ፣ ሁለት ባልዲ ሙሉ ከግቢያችን በታች ያለችው ጅረት ውስጥ ደፍቻለሁ። በጨለማ። ጨለማ መምረጤ ራሱ ጥፋቱን እንደማውቅ ይመሰክራል። የዛሬዎቹ በቀን፣ በካሜራ ፊት ነው። እኔ አፍሬ ደፋሁ፣ እናንተ ተጨብጭቦላችሁ ደፋችሁ።

"ምን ችግር አለው ጋሼ፣ ቆሮሶ የሀገራችን ዓሣ አይደለም እንዴ?" ትሉኛላችሁ። ነው። ግን የሀገራችን ቆሮሶ አንድ አይደለም። የዝዋይና የሐዋሳው ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ነው። የጣናውን ሥዩም እና ኮርንፊልድ በ1992 እ.ኤ.አ. የዘር ቅንጣቱን መርምረው ለብቻው ሰይመውታል። በአዋሽ ሸለቆ ፍል ውኃ ውስጥ የሚኖረውን ደግሞ የእንግሊዟ ተመራማሪ ኤተልዊን ትሬዋቫስ በ1983 "ፊሎአ" ብለውታል (የእኛው ፍልውኃ ላቲን ሆኖ ይመስለኛል)። እነዚህ ዓሦች ለብቻቸው ስንት ሺህ ዘመን ኖረው ነው እንዲህ የተለያዩት። እንግዲህ ያንተ ጀሪካን ውስጥ ያለው የትኛው ነው? ከሰበታ የመጣ ነው? ከዝዋይ? ከቆቃ? እኔ የሰጠሁህ እናቶች እኔ ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት ሦስት ሰው እጅ አልፈዋል፤ አላውቅም። እኔ ካላወቅሁ አንተም አታውቅም።

ደግሞ የምንኖርበትን አገር እንይ። ምዕራብ ሸዋ የውኃ ጣሪያ ነው። ሁሉቃ ወደ ጉደር ይገባል፣ ጉደር ወደ ዓባይ። ወደ ጊንጪ ስትሄድ አዋሽ ገና ጅረት ሆኖ ይነሳል፣ ፊቱን ወደ አፋር አዙሮ። ባኮ ላይ ያለው ውኃ ጊቤ ነው፣ ኦሞን ይዞ ቱርካና ይደርሳል። በአንድ ዞን ውስጥ ሦስት ተፋሰስ። በሚኒባስ ግማሽ ቀን በማይሞላ ጉዞ፣ በአንድ ሃይላንድ ጫጩት፣ ተፈጥሮ ለያይታ ያኖረችውን ማደባለቅ እንችላለን ማለት ነው። ይህን ሥልጣን ማን ሰጠን?

"ሁሉቃ ቀዝቃዛ ነው፣ ቢለቀቅም አይራባም" ያለኝም አለ። እሺ፣ እንዲያ ከሆነ ጭብጨባው ለምን ነበር? ካልኖረ አምስት መቶ ነፍስ በብርድ ገደላችሁ ማለት ነው። ከኖረ ደግሞ እየወረደ ወደ ቆላው፣ ወደ ጉደር ታች፣ ወደ ዓባይ በረሃ ይደርሳል፣ እዚያ ደግሞ ሙቀቱ ይመቸዋል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፣ ሁለቱም ምርቃት የለውም።

ከዓሣው ጋር የሚሄደውን ደግሞ ማንም አያየውም። ኮንትራሲከም የሚባል ትል በብዙ ሐይቆቻችን ዓሣ ላይ ይገኛል። ሌላም ጥገኛ አለ፣ በዓይን የማይታይ። የጀሪካኑ ውኃም አብሮ ነው የተደፋው። በዓባይ ተፋሰስ ደጋ ጅረቶች ውስጥ ጋራ የምትባል፣ ድንጋይ እየላሰች የምትኖር ጣት የምታክል ዓሣ አለች። ቪዲዮ የሚሠራላት የለም። ለእሷ ማን ጠየቀላት?

የሐይቅን ነገር ላንሳ፤ ወሎ ያለውን፣ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ቆሮሶ ገባበት። ዓሣ አጥማጁ ተጠቅሟል፣ አልክድም፣ ብዙ ቤት ተዳድሮበታል። ግን ትልልቆቹ የውኃ ቅንጣት እንስሳት ተመናመኑ፣ ድሮ ጥልቁ ይታይበት የነበረው ውኃ ደፈረሰ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይም የናይል ቆሮሶ ከገባ በኋላ "ንገገ" የሚሉት የአገሬው ዓሣ ከዋናው ሐይቅ ሊጠፋ ምንም አልቀረው (የናይል ፐርችም እጅ አለበት፣ ሁሉንም በቆሮሶ ላይ አልጭንም)። ያንን ያደረጉት መንግሥታት ነበሩ፣ አስበውም ተሳስተውም። እኛ ግን ሮቶ ስለሞላብን ነው የምናደርገው! ደግሞ እዚያ ማዶ ደንዲ አለልን፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ቁጭ ያለ፣ ሁለት ሆኖ አንድ የሆነ ሐይቅ። "ቀጣዩ ደንዲ ነው" የሚል አስተያየት አንብቤ ሌሊቱን አልተኛሁም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥፋት፣ ወደምንኮራበት። "በነፃ ነው፣ ኑ ውሰዱ።"

ከሦስት ዓመት በፊት ጉደር ላለ አንድ የድሮ ተማሪዬ ሁለት መቶ ጫጩት በነፃ ሰጠሁ። ጉድጓድ አስቆፍሯል፣ ላስቲክ አንጥፏል፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ገዝቷል። ወንድና ሴት ሳልለይ ነው የሰጠሁት። ቆሮሶ ኩሬ ውስጥ ስትጨናነቅ ገና ጣት ስታክል ትወልዳለች፤ ልጆቿም ጣት ሲያክሉ ይወልዳሉ። ዓመት ሳይሞላ ኩሬው ሙሉ ትንንሽ ዓሣ፣ ለመጥበስ አጥንት ብቻ። ልጁ ከባለቤቱ ጋር ተጣላ፣ የመኖውን ብድር ከፈለ፣ ኩሬውን ደፈነው። "ዓሣ አያዋጣም" እያለ አሁን ለሰው ይናገራል። ዓሣ አላሳጣውም፣ እኔ ነኝ ያሳጣሁት። በነፃ የሰጠሁት ጫጩት በሕይወቴ ለሰው ያደረግኩት ውድ ስጦታ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ እኔ ዘንድ ጫጩት የሚፈልግ አስቀድሞ ኩሬውን ያሳየኛል። ፎቶ አልቀበልም፣ መጥቼ አያለሁ፣ ቡና አፍሉ። ውኃው ሞልቶ ሲፈስ ወዴት እንደሚሄድ፣ መውጫው ላይ ወንፊት መኖሩን አያለሁ። ለጌዶ ሰው አልሰጥም፣ ብርዱን አትችለውም፤ የባኮ ሰው ግን ዕድለኛ ነው፣ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ኩሬ ካለው።

ለወንድና ሴት መለየትም ትንሽ ትዕግሥት እንጂ ማሽን አይጠይቅም። ሠላሳ ግራም ገደማ ሲሆን እጅህን አርጥበህ ገልብጠህ ያዘው፤ ከሆዱ በታች፣ ከጅራቱ በፊት ተመልከት። ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሴቷ ሦስት። ትንሽ ቀለም ብትቀባ ይጎላል። ከአሥሩ አንዱን ትስታለህ፣ ምንም አይደለም። ወንዶቹን ለኩሬ ስጥ፣ ቶሎ ያድጋሉ። ሮቶህ ውስጥ ደግሞ ወንዱን ከእናቶቹ ለይ። በቃ፣ አይወለድም። ይህን ያህል ቀላል ነው፣ ግን ማንም ቪዲዮ አይሠራበትም።

የተረፈውስ? እዚህ ላይ ትቆጡኛላችሁ። ለዶሮ ስጡት። አምባዛ ያለው ሰው ካለ ለአምባዛው ስጡት፤ አርቢዎች ጫጩት እንዳይበዛ ኩሬ ውስጥ አምባዛ የሚጨምሩት ለዚሁ ነው። ጣት ሲያክል ጠብሳችሁ ብሉት፣ በሚጥሚጣ ግሩም ነው። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት፣ እኔ አልገባበትም።) "ነፍስ እኮ ነው ቲቸር!" ትሉኛላችሁ። ነው። አርብቼ መግደል ይከብዳል፣ እናቱ አሥር ቀን ሳትበላ በአፏ ይዛው እንደኖረች እያወቅሁ በጣም ይከብዳል። ግን ወንዝ ስደፋው አልገደልኩም ብዬ ራሴን ነው የማታልለው።

ሕጉንም እያወቅሁ ነው የተውኩት። የዓሣ ሀብት አዋጅ አለን፣ ቁጥር 315/1995፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን ሁሉቃ ዳር ፖሊስ የሚቆም ስለሌለ ነገሩ የእናንተና የእኔ ነው።

አንተ ልጅ፣ ስልክህን እጠብቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሮቶህን እናስተካክላለን። አጎበር ይዘህ ና፣ ያንተ ወንፊት ቀዳዳው ሰፊ ነው። ቪዲዮውን አውርደው ብዬ አላዝህም፣ ግን ከሥሩ ይህን ጽሑፍ ለጥፍልኝ።

ባኮ ወይም ቆላው ላይ የተዘጋጀ፣ ከወንዝ የራቀ ኩሬ ያለው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። አሁን እኔ ጋ 140 የተለዩ ወንዶች አሉ። በነፃ አይደለም፣ የአንዱ ዋጋ 5 ብር ነው። የገንዘቡ ነገር አይደለም፤ የከፈለበትን ሰው ወንዝ አይደፋውም ብዬ ነው።