ጥለቱ ክፍት ይሁን፣ የሸማኔው ስም ግን አይጥፋ

ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲሰድብ የኖረ ማኅበረሰብ፣ በዓል ሲደርስ አምሮ የሚታየው በሸማኔው ጥበብ ነው። ዛሬ ደግሞ ሌላ በደል ተጨምሯል። ጥለቱ በውጭ ፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ በርካሽ ይቸበቸባል፤ የሸማኔው ስም አይጠራ፣ ሳንቲም አይደርሰው።

ታዲያ ጥለቱን መደበቅ ይሻላል? ገበያ የወጣ ጥለት አይደበቅም። ማንም በስልኩ አንስቶ ይቀዳዋል። ተደብቆ የቀረው የሠሪው ስም ብቻ ነው።

ጥለት ስሌት ነው፤ ማጉ ሲያልፍ የትኛው ድር ይነሳ፣ የትኛው ይቅር የሚል። ፈረንሳዊው ጃካርድ እ.ኤ.አ. በ1804 ይህንኑ ስሌት በተበሳ ካርድ ላይ አስፍሮ መሸመኛውን አሠራበት። የጥንቶቹ ኮምፒውተሮች ካርድም መነሻው ይኸው ነው። የደብረ ታቦር ሸማኔ በቃሉ የያዘውንም በግራፍ ወረቀት፣ ከዚያም በኮምፒውተር ማስፈር ይቻላል። ማንም በነፃ ይጠቀምበት፤ የሠሪውንና የአገሩን ስም ግን ይጥራ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለው ፈቃድ ለዚህ የሚሆን አማራጭ አለው። ፈቃዱ የውጭውን ፋብሪካ ላያስቆም ይችላል፤ ጥለቱ የማን እንደሆነ ግን ማስረጃ ይኖራል።

ማን ይጀምር? በፎገራ ወረዳ፣ በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው አውራ አምባ ሽመና መተዳደሪያው ነው። ሴቷ ትሸምናለች፣ ወንዱ ይፈትላል። ልማድን የሰበረ መንደር ይህን አይፈራም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ኮምፒውተራቸውን ይዘው ሸማኔው ጉድጓድ አጠገብ ይቀመጡ።

አረጋዊ ሸማኔ ሲሞት ያልተጻፈው ጥለት አብሮት ይቀበራል። ያን ጊዜ ለልጆቻችን የሚቀረው የታተመው ብቻ ነው።